ዘጠኝ ጭረት

ሁልጊዜ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ የገንዳችንን ግድግዳ አንኳኳለሁ። ከላይ ጀምሬ በጣቴ አንጓ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረግሁ ወደ ታች እወርዳለሁ። ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ውኃው ጋ ስደርስ ድምፁ ይደፈናል። የተደፈነበት ቦታ ከትናንቱ ዝቅ ያለ ከመሰለኝ ቀኑን ሙሉ እየተመላለስኩ ሳንኳኳ እውላለሁ። ልጄ ዴሊያ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ ውኃው ሌሊት የትም አይሄድም እኮ» ትለኛለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ውኃ ሌሊት የትም እንደማይሄድ ታምናለች።

እኔ ክፉ ክፉውን የማስብ ሴት ነኝ። ሐሙስ የዕቃው ጀልባ አንድ ሰዓት ከዘገየ ሰጥሟል እላለሁ። ካልሰጠመ ደግሞ ያመጣው ጎመን በስብሷል፣ የእንቁላሉ ዋጋ ጨምሯል፣ በረዶ ሆኖ የተጫነው ዶሮ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና በርዷል። ገበያዬን ተሸክሜ ስመለስ በራፋችን ላይ ባሉት አራት ትራስ የሚመስሉ ድንጋዮች ላይ አሳርፌው እያንዳንዱን እያገላበጥኩ ሳሸት ባሌ፣ «አንቺ ደመና ሲመጣ ጎርፍ፣ ደመና ሲሄድ ድርቅ ነው የሚታይሽ» ይለኛል። ልክ ነው። ግን እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። ስምንት ዓመቴ ሳለ ምንም የማልጠራጠር ልጅ ነበርኩ። ክፉ ሰዎችን ሁሉ ለይቼ አውቃቸው ነበር፤ አንዷ እናቴ ነበረች።

በዚያ ዓመት ከገና ወዲህ አንድ ጠብታ አልወረደም። ደረቅ ወራት በየዓመቱ ይመጣል፤ ያ ግን መጥቶ አልሄድ ያለ እንግዳ ነበር። ቤታችን ውስጥ ውኃ እንደ ታላቅ ልጅ ልብስ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ሩዝ የታጠበበት ሰሃን ያጥባል፣ ሰሃን ያጠበው ወለል ያብሳል፣ ወለል ያበሰው ጓሮ ካለው አተር ሥር ይደፋል። እኔ ሳፋ ውስጥ ቆሜ በሁለት ጣሳ እታጠባለሁ፤ ከእግሬ ሥር የቀረው ለመጸዳጃ ቤቱ ይቀመጣል። አባቴ የጭነት መርከብ ላይ ስለሚሠራ ቤት የነበርነው እናቴ ኤውዲንና እኔ ብቻ ነን። እናቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ደረቷ ላይ ሁልጊዜ መርፌ ተሰክቶ ስለሚገኝ ማቀፍ የማይመች ሴት ነበረች።

ሐሙስ ሐሙስ ከትልቁ ደሴት የሚመጣውን ዕቃ ለመግዛት አብሬያት እሄዳለሁ። የሱቁ ባለቤት ሚስ ኦርና ዋጋውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምትጽፈው ጀልባው ገና ሳይታሰር ነበር።

«ኦርና፣ ባለፈው ሳምንት ዱቄት ወተቱ ስድስት ዶላር አልነበረም?» አለች እናቴ አንድ ቀን።

«ነበር። ባለፈው ሳምንት ባሕሩም ዝም ብሎ ነበር።»

«ታዲያ ባሕሩ ወተቱን ጠጣው?»

«አራት ካርቶን ጨው ውኃ ገብቶበት ተጣለ፣ ኤውዲን። የተጣለውን ማን የሚከፍለው ይመስልሻል? ዓሣው?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ወተቱን መልሳ አስቀመጠች። ቅቤውንም መለሰች። በዶሮ ፋንታ የዶሮ ጀርባ አጥንት አስመዘነች። የበቆሎ ዱቄት፣ ጨው፣ ክብሪት ጨምራ ወጣን። የአባቴ ገንዘብ በዚያው ሳምንት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ፖስታውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳሰላስል ሄድኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ያገኘሁት መሰለኝ።

ኳሴ ከእናቴ አልጋ ሥር ገብታብኝ ተንበረከክሁ። በአሮጌ አንሶላ የተሸፈኑ አራት ከረጢቶች ተደርድረዋል። ጣቴን ከአንሶላው ሥር ሰደድኩ። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ስጫነው ውስጡ ያለው ልል ነገር እየሸሸ ይመለሳል። ዱቄት! አራት ከረጢት የስንዴ ዱቄት ከአልጋዋ ሥር ደብቃ እኔን ቀጭን የበቆሎ ገንፎ ታበላኛለች። ኳሴን ይዤ ወጣሁ።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያዬን አፌ ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር ሰረቅ አድርጌ አያት ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ታንቲ ክሌሜንሲያ ይኖራሉ። የማንም አክስት አልነበሩም፤ ግን የደሴቱ ሰው ሁሉ ታንቲ ይላቸዋል። ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። ገንዳቸው ግን ከቤታቸው ይበልጣል፤ አያታቸው መሬት ቆፍረው በድንጋይና በኖራ የሠሩት ነው። ከአሸንዳው የወረደ ዝናብ ሁሉ እዚያ ይገባል። የእንጨት ክዳኑ ሲነሣ ከውስጡ የሚወጣው ቅዝቃዜ ፊትን ይዳብሳል። ትንኝ እንዳይራባ የተለቀቁት ጥቃቅን ዓሦች ብርሃን ሲያዩ ይበተናሉ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሣ፣ «ባልዲውን ያዢና ታንቲ ጋ ሂጂ። እማዬ አንድ ባልዲ ውኃ ትለምንዎታለች በያቸው» ትለኛለች። በየቀኑ እንዲሁ ነበር።

«ታንቲ፣ እማዬ አንድ ባልዲ ውኃ ትለምንዎታለች።»

«ኤዲያ! ምን መለመን አለው? ቅጂ፣ ቅጂ!» ይላሉ ከወንበራቸው ላይ ቀና ብለው። ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ብቻ ሲጠብቁ የዋሉ ይመስላሉ። «የእናትሽ ገንዳ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ማለት የመርከበኛ ቃል ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእኔ አያት ገንዳ በሰማንያ ዓመት አንድ ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም። ወርውሪው እስቲ፣ ልስማው!»

ባልዲውን በገመድ እለቀዋለሁ። ጯ! ሲል ታንቲ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ይላሉ። ሰው ዘፈን ሲሰማ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

«ሰማሽ? እሁድ ፊትዝሮይ ሲደውል ይሄን ድምፅ በስልክ ባሰማው!»

ፊትዝሮይ ብሩክሊን የሚኖር ልጃቸው ነው። ለብቻቸው መኖራቸው እንቅልፍ ነስቶት ነበርና፣ «ገንዳው የደረቀ ቀን ቤቱን ዘግተን ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ» ብሎ አስምሏቸዋል። እሳቸውም ምለዋል፤ እንደማይደርቅ ስለሚያውቁ። «ይጠብቅ!» ይሉኛል። «ለጎረቤት ውኃ የሚያድል ሰው የት ነው የሚሄደው? በረዶ ላይ? እዚያ በር ዘግተው ነው አሉ የሚበሉት። በይ ዱላውን አንብቢልኝ።»

ዱላው የአያታቸው ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ በየግማሽ ስንዝሩ ጭረት የተቆረጠበት። እስከ ታች ሰድጄ አወጣዋለሁና የራሰውን እቆጥራለሁ። በየካቲት መጀመሪያ ዘጠኝ ነበር።

«ዘጠኝ፣ ታንቲ።»

«ዘጠኝ!» ጉልበታቸውን ይመታሉ። «በዚህ ድርቅ!»

በየካቲት መጨረሻ ስምንት ሆነ። ዱላውን እንደያዝኩ ባልዲዬን አየሁ። እኛ ነን፣ አልኩ በልቤ። የምናጎድልባቸው እኛ ነን። እውነቱን ብናገር ማን ወሰደው ይላሉ፤ መልሱ ደግሞ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ስንት ነው?» አሉ።

«ዘጠኝ» አልኩ።

ሰባት ሲሆንም ዘጠኝ አልኩ። ስድስት ሲሆንም።

በመጋቢት እናቴ የውኃ መኪና ጠራች። መኪናው ደሴቱ ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ ወረፋው ሁለት ሳምንት ነበር፤ ዋጋው ደግሞ የአንድ ወር አስቤዛ። ሾፌሩ ቱቦውን ገንዳችን ውስጥ ከቶ ውኃው ሲንዶቀዶቅ እየዘለልኩ ስጨፍር ዋልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ታንቲ ጋ መሄድ ቀረ ማለት ነው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሣ፣ «ባልዲውን ያዢ» አለችኝ።

«ገንዳችን ሙሉ ነው እኮ!»

«ሂጂ ብዬሻለሁ።»

«እማዬ፣ ታንቲ አሮጊት ናቸው።»

«አሮጊት ስለሆኑ ነው የምልክሽ። ሂጂ፣ ሊሪስ፤ ነገር አታብዢብኝ፣ ደክሞኛል።»

የዚያን ቀን ባልዲዬን ግማሽ ብቻ ቀዳሁ። ግማሽ ሌብነት ከሙሉው ይሻላል ብዬ ነው። እናቴ ግማሹን ባልዲ አየችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የደከመች መሆኗን ያኔም አይቻለሁ። መዳፏ ላይ የባልዲ እጀታ የላጠው ቁስል ነበር፤ የመርፌ መሰለኝ።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ገንዳ ደረቀና ከእኩለ ቀን በፊት አሰናበቱን። ቤት ስደርስ የሙታን ስም የሚነበብበት ሰዓት ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮው ያረፉትን ሰዎች ስም፣ በየትኛው መንደር እንደሚቀበሩ፣ ማን ማን እንዳለቀሰላቸው ያነባል። ታንቲ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ቢፈርስ አይሰሙም። በጓሮ በኩል ስመጣ አጥሩ የሳሳበት ቦታ ላይ ቆምኩ።

እናቴ የታንቲ ገንዳ አፍ ላይ ተንበርክካለች። ጀርባዋ ወደ እኔ ነው። ክዳኑ ተነሥቷል፣ ከጎኗ ሁለት ባልዲ አለ። ሬዲዮው፣ «የሟች የልጅ ልጆችና ውጭ አገር ያሉ ወዳጆች...» ይላል፤ እሷ ወደ ፊት ትደፋና የውኃ ድምፅ ይሰማል፣ እንደገና ትደፋና የውኃ ድምፅ ይሰማል። ቀሚሷ ርሷል። ጎንበስ ቀና ስትል አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለችም።

አንድ ባልዲ ስታስለምነኝ ከርማ አሁን ደግሞ ራሷ መጥታ፣ ዓይነ ስውር የሙታን ስም ሲሰሙ ጠብቃ ትሰርቃለች። ትንፋሼን ይዤ ሮጥኩ። ባልዲዎቹ ሲመጡ ሙሉ ይሁኑ ሲሄዱ ለማየት አልቆየሁም። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ለማረጋገጥ አይቆይም። አሁን እኔ ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ የማየው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ማየት ያኔ የቀረብኝ ነው።

ፊትዝሮይ ለፋሲካ መጣ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ ካርቶን የታሸገ ውኃ ይዞ ከጀልባው ሲወርድ የወደቡ ሰዎች፣ «ፊትዝሮይ፣ ባሕር አቋርጠህ ውኃ ታመጣልናለህ?» እያሉ ቀለዱበት። እሱም ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲያስነጥስ እንኳ እናቱን ላለማስደንገጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባልዲዬን ይዤ ስሄድ ዱላውን ራሱ ሰድዶ አወጣው። አየው። ጠርጎ እንደገና ሰደደው።

«እማ፣ እሁድ በስልክ ስንት አልሽኝ?»

«ዘጠኝ።»

«አምስት ነው።»

«ዓይንህን አሞሃል። ዘጠኝ ነው። ሊሪስ ናት የምታነብልኝ። ሊሪስ፣ ዘጠኝ ነው አላልሽኝም?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ታንቲ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፈዋል። ባልዲዬን ከኋላዬ ደበቅሁ።

ፊትዝሮይ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ክዳኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ስሚ፣ እማ። አራት ጭረት ውኃ አንቺ ብቻሽን አትጠጪም። ወይ ገንዳው ያፈሳል፣ ወይ ሰው ይወስዳል። የሚያፈስ ከሆነ አንድ ቀን አላሳድርሽም። ውኃ በሌለበት ቤት፣ ዓይን በሌለበት... ነገውኑ ትኬቱን እቆርጣለሁ።»

«አያፈስም!» አሉ ታንቲ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። ታንቲን ላድናቸው ነበር። ዋሾ ተብዬም እንዳልቀር ፈርቼ ነበር። የትኛው እንደበለጠ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«አያፈስም» አልኩ። «እማዬ ናት። በየቀኑ ትወስዳለች። ሬዲዮ ሲሰሙ ጠብቃ በሁለት ባልዲ ስትወስድ አይቻታለሁ። ገንዳችን ሙሉ ነው። ከአልጋዋ ሥርም ዱቄት አላት።»

ፊትዝሮይ በአጥሩ በኩል ተጣራ። እናቴ ደረቷ ላይ መርፌዋን እንደሰካች መጣች።

«ኤውዲን፣ ጎረቤት ነሽና አልጮኽብሽም። ገንዳው አራት ጭረት ጎድሏል። ያፈስ እንደሆነ ንገሪኝና እናቴን ይዤ ልሂድ። ልጅሽ ግን የምትወስጂው አንቺ ነሽ ትላለች።»

እናቴ እኔን አየችኝ። ልትመታኝ ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። አልመታችኝም። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ጀልባ ያመለጠው ሰው ወደቡ ላይ ቆሞ የሚያሳየው ዓይነት ፊት ነበር።

«አያፈስም» አለች። «የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ታንቲ ወንበራቸውን አጥብቀው ያዙ።

«የወሰድኩትን እመልሳለሁ፣ ፊትዝሮይ» አለች እናቴ ፈጠን ብላ። «በቀን ስምንት ባልዲ። አሥርም ይሁን። ዝናቡ እስኪመጣ በየቀኑ እያመጣሁ እጨምራለሁ። ከፈለግህ ቆመህ ቁጠረኝ።»

«ከአንቺ ቤት የሚገባ ነገር የለም። ተይን በቃ።»

«ፊትዝሮይ፣ እባክህ። አምስት ባልዲ እንኳ...»

«ተይን አልኩሽ፣ ኤውዲን!»

በማግሥቱ ከሚስ ኦርና ሱቅ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቶ ክዳኑን ቆለፈው። ደሴቱ ላይ የሰው ገንዳ ሲቆለፍ ከዚያ በፊት ያየ የለም። ሰዎች አጥሩ ጋ እየመጡ ቁልፉን አይተው ወደ ቤታችን ዘወር ይሉና ይሄዳሉ። ለእናቴ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ቀነሰ። እሷ ሐሙስ ዕለት በጀልባ ወደ ማዶው ደሴት ሄደች፤ ገበያ የሄደች መስሎኝ ብስኩት ስጠብቅ ዋልኩ። ማታ ባዶ ቦርሳ ይዛ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ገንዳችን ውስጥ የነበረውን ውኃ በዚያ ሳምንት እንደልቤ አስታጠበችኝ። ሦስት ጣሳ፣ አራት ጣሳ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ፊትዝሮይ ሊመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለእናቱ ውኃ ሊቀዳ ቁልፉን ከፈተ። አጥሩ ጋ ነበርኩ። ባልዲውን ወረወረው። ጯ አላለም። ቀው! አለ፤ ቆርቆሮ ድንጋይ ሲመታ። ታንቲ በረንዳ ላይ ነበሩ። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለገም። ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ገቡና የልብሳቸውን ሣጥን ሲጎትቱ ሰማሁ። ፊትዝሮይ ገንዳው አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። ጭቃው ላይ ዓሦቹ ይንፈራገጡ ነበር። እኔ እናቴ ቁልፉን ሰብራ የገባች መሰለኝ። ቁልፉ ግን አልተሰበረም ነበር፤ ያን አልፌው ሄድኩ።

ወደብ ላይ እናቴ ከሰው ሁሉ ራቅ ብላ ቆመች። ታንቲ ወደ ጀልባው ሲመሩ ድንገት ቆሙና፣ «ኤውዲን አለች?» አሉ።

«አለሁ፣ ታንቲ።»

«ነይ ወደዚህ።» እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱት። «ሁለት ባልዲ ከፈለግሽ ሁለት ስጡኝ አትይም ነበር? መቼ እምቢ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ይህቺን ልጅ የወለድሽ ዕለት በማን ውኃ ነው የታጠበችው?»

«በእርስዎ ውኃ፣ ታንቲ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ብያለሁ» አሉ። ጀልባው ተነሣ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዝናቡ መጣ፤ አሸንዳዎቹ ሁሉ ሲጮኹ አደሩ።

ከዚያ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮ መስማት የጀመረችው እናቴ ናት። በሁለተኛው ዓመት በደረቁ ወራት እኔ ገንፎዬን ስበላ ስማቸው ተነበበ። ብሩክሊን ውስጥ ያረፉ፣ የዚህ መንደር ተወላጅ፣ ልጃቸው ፊትዝሮይ ያዘነላቸው። እናቴ ሬዲዮውን ዘጋችው። ከገንዳችን አንድ ባልዲ ውኃ ቀዳች፣ ሙሉ፣ እስከ አፉ። በአጥሩ መሳሳት አልፋ ሄደችና ከድርቀቱ የተሰነጣጠቀው የታንቲ ገንዳ ውስጥ ደፋችው። ቆማ እስኪመጠጥ አየችው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ሁለት ቀን የምንታጠብበት ውኃ በከንቱ ሲደፋ አይቼ ጥርሴን ነከስኩ። ከአልጋዋ ሥር የነበሩት ከረጢቶች ደግሞ ያኔ ጠፍተው ነበር። ዱቄቱን ሸጣዋለች አልኩ።

ባለፈው ዓመት ገንዳችን ጠብ ጠብ ማለት ጀመረና ግንበኛው ኮዝማስ መጡልኝ። ሸምግለዋል፤ ደሴቱ ላይ ግን ከእሳቸው ሌላ እጁን የማምነው ሰው የለም። ባዶው ገንዳ ውስጥ ቆመው ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት።

«አትጨነቂ» አሉ። «የታንቲ ክሌሜንሲያ ከዚህ መቶ እጥፍ ይብስ ነበር።»

«የታንቲ ገንዳ እኮ አያፈስም ነበር» አልኩ።

«ማን ነው አያፈስም ያለሽ? በዚያ የድርቅ ዓመት፣ በጥር፣ እናትሽ ጠርታኝ ያየሁት እኔ አይደለሁም? የዛፍ ሥር ግድግዳውን በስቶት በቀን አሥር ባልዲ ይሄዳል። አሁኑኑ ሥራልኝ አለችኝ። እኔ ማዶው ደሴት እስከ ጰራቅሊጦስ ውል ነበረብኝ። አራት ከረጢት ሲሚንቶ ግዢና ጠብቂኝ፣ እስከዚያ ብቻ እንዳይደርቅ፣ በዚህ ፀሐይ ከደረቀ ግድግዳው በሙሉ ይከፈታል አልኳት። ታንቲ ሳይሰሙ ነው ታዲያ አለች፤ ከሰሙ እሁድ ለልጃቸው ይነግሩታል፣ ውሸት አያውቁም። እንዳይደርቅ አደርጋለሁ አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በጀልባ መጥታ አለቀሰችብኝ፤ አሠሪዬ አለቀቀኝም። አላውቀውም ነበር ትያለሽ?»

አላውቀውም ነበር። ገንዳው አፍ ላይ ይዤላቸው የቆምኩትን ፋኖስ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሲሚንቶ። ባሕሩ አጠገብ እርጥበቱ በወራት ውስጥ ድንጋይ ያደርገዋል።

ሐሙስ ነበር። ከጀልባው ዕቃዬን ተቀብዬ ስመለስ እናቴ እንደ ልማዷ በራፉ ላይ፣ ከአራቱ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከረጢቴን ሁለተኛው ላይ አስቀመጥኩት። የወረቀቱ እጥፋት፣ የተሰፋው አፍ፣ ሁሉም ድንጋዩ ላይ ታትሟል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ረግጬዋለሁ።

«ኮዝማስ ነገሩኝ» አልኩ።

ምን እንደነገሩኝ አልጠየቀችም። «ዶሮው ስንት ገባ?» አለች።

«ሠላሳ አንድ።»

«ጉድ ነው።»

«እማዬ፣ ለፊትዝሮይ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ቆሜ ሰማሁሽ እኮ።» መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።  «ዱላውን ስታነቢላቸውም እሰማሽ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ። ደረጃውን አውቀዋለሁ፤ ሰባት ሲሆን ዘጠኝ፣ ስድስት ሲሆን ዘጠኝ ትያቸው ነበር።»

«አዎ።»

«ባልዲ አስይዤ የምልክሽ ጯ ሲል ሰምተው እንዲያድሩ ነበር፤ ይቺ ልጅ ሳልነግራት ገብቷታል እል ነበር። ባልዲው እጄን ሲልጠኝ፣ ግድ የለም፣ ሁለት ነን እል ነበር።» ወደ አጥሩ ዞራ አየች። «ሁለት የሆንን መስሎኝ ነበር።»

ከጎኗ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከረጢቱ ሥር ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ዶሮው እየቀለጠ ነው» አለች እናቴ።

«አዎ» አልኩ። ሁለታችንም አልተነሣንም።